የጭስ ማኒፎልድና ጓርኒሲዮን በቤት መቀየር፦ ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢያችን ኮፈን ተከፍቶ ያየ ጎረቤት አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ነው። ብረትን በጆሮ መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ መኪናውን ደግሞ ራሴ እየፈታሁ ለመድኩት። ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች መካከል ስለ ጭስ ማኒፎልድ የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ስራው ከባድ አይደለም፤ ችኮላ ግን አይወድም። በቤት ተሞክሮ ሲበላሽ ያየሁት ሁሉ ብሎኑ በጥድፊያ የተፈታ ነው እንጂ ጓርኒሲዮኑ አስቸግሮ አይደለም። የምናገረው በዋናነት እዚህ ከተማ ስለሚበዙት ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪኖች ነው፤ እንደ ኮሮላና ቪትዝ ያሉት።

የጭስ ማኒፎልድ የሚባለው የቱ ነው?

ኮፈኑን ስትከፍቱ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ከተገጠመው የሞተሩ ራስ) ጎን፣ ብዙ ጊዜ በቀጭን ላሜራ ተሸፍኖ የምታገኙት ባለ አራት ክንድ ብረት ነው። ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ተቀብሎ ወደ አንድ ቱቦ ይሰበስባል፤ ቱቦው ወደ ማርሚታ (ከኋላ ወዳለው የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ይወስደዋል። የድሮዎቹ ቀልጦ ከተቀዳ ብረት፣ ቶርኖ ቤት ጊዛ ከሚሉት የተሰሩ ናቸው፤ ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ከማይዝግ ብረት ቱቦ ነው። በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል ጋዝ እንዳያመልጥ የምትገባው ስስ ማሸጊያ ጓርኒሲዮኗ ናት። ማኒፎልዱ ከታች ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታም ሌላ አለች። ስትገዙ ሁለቱንም ግዙ።

ጠዋት ሳስነሳት "ጢክ ጢክ" ትላለች፤ ትንሽ ስትሄድ ይጠፋል። መካኒኩ ፑንቴሪያ ነው አለኝ። እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ፑንቴሪያ የሚባለው የቫልቮቹ ክፍተት ማስተካከያ ነው። ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ አጣሩ። አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ፑንቴሪያ አስተካክላ ከፍላለች፤ ድምፁ ግን እዚያው ነበር። ላሜራውን ስናነሳ በአራተኛው ሲሊንደር አፍ ዙሪያ፣ ልክ ከሰል ላይ የዋለ ድስት ቂጥ እንደሚይዘው ያለ ጥላሸት ወደ ላይ ተስቦ አየን። ጋዙ በዚያ ሲያመልጥ ነው የከረመው።

ሁለቱን ድምፆች ለመለየት ጭነት ይረዳል። ፑንቴሪያ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ይፈጥናል እንጂ ዳገት ላይ ተለይቶ አይጮህም። የሚያፈስ ማኒፎልድ ግን ነዳጅ ስትረግጡ ወይም ዳገት ስትይዙ ድምፁ ይጎላል። ጠዋት ጮሆ ሲሞቅ የሚጠፋው ብረቱ በሙቀት ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ነው። ስንጥቅ ካለ ደግሞ አንዳንዴ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሲሞቅ ይከፈታል። ስለዚህ ድምፁ መጥፋቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ሌላው ዘዴ የላስቲክ ቱቦ ነው። አንድ ሜትር ያህል የውሃ ጎማ ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ አጠገብ ያዙ፣ ሌላውን በማኒፎልዱ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ከቺንጊያና ከፋን ግን አርቁት። የሚያፈስበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ድምፁ "ጢክ" ከመሆን ወደ "ፍስ፣ ፍስ" ይለወጣል። ይህን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ባደረ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ በተነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ብረቱ ያቃጥላል።

አቦ፣ ድምፅ ብቻ እኮ ነው። እየነዳሁት ብቆይ ምናለበት?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ከዚያ ክፍተት የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በጤናማ መኪና ይህ ጋዝ ከኋላ በማርሚታው ወጥቶ ይበተናል። ማኒፎልድ ላይ ካፈሰሰ ግን የሚወጣው ኮፈን ስር ነው፤ ለተሳፋሪው አየር የሚስበው ቀዳዳ ያለው ደግሞ እዚያው መስታወቱ ስር ነው። የድሬን ሙቀት ሸሽተን መስኮት ዘግተን ኤሲ እንከፍታለን፤ ቆመንም ሞተሩን አናጠፋም። ልጆች ከኋላ ተኝተው እንዲህ መቆም አደገኛ ነው። መኪና ውስጥ ስትቆዩ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣና ስትወርዱ ቀለል ካላችሁ፣ "ሙቀቱ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ወጥታችሁ ንጹህ አየር ውሰዱ፤ ሰው ከደከመ ወይም ራሱን ከሳተ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ከጤናው ቀጥሎ ነዳጁ ይመጣል። ማኒፎልዱ ላይ ወይም ከስሩ የተሰካው የኦክስጅን ሴንሰር በክፍተቱ የገባውን የውጭ አየር አይቶ "ነዳጅ አንሷል" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩም ያላነሰውን ነዳጅ ይጨምራል። የሞተር ምልክት መብራት የሚበራው፣ ቤንዚኑም ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ወፍራም ብረት አይደል እንዴ? ምን ያበላሸዋል?

ሙቀት። እስቲ በቁጥር እንየው። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የጊዛ ማኒፎልድ ከ30 ዲግሪ ተነስቶ 600 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የታሰረበት የአሉሚኒየም ቴስታታ ግን ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆየው፤ በዚያው ርዝመት የሚለጠጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሁለት ሚሊ ሜትሩ ልዩነት በእያንዳንዱ ጉዞ ጓርኒሲዮኗን ይፈጫታል፣ ዳርና ዳር ያሉትን ብሎኖች ይገፋል። ቀድመው የሚሰበሩት የዳር ብሎኖች መሆናቸው ከዚህ የመጣ ነው። የዳር ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ ሞላላ ተደርገው የሚሰሩትም ብረቱ መንሸራተቻ እንዲያገኝ ነው።

ወደ ሐረር የሚመላለስ ሰው ይህን በደንብ ማወቅ አለበት። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ስትወጡ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፤ ማኒፎልዱ በጣም የሚግለው ያን ጊዜ ነው። ላይ ስትደርሱ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በፍጥነት ገብታችሁ ከረጫችሁበት የጋለው ጊዛ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተር እጥበትም እንደዚያው ነው። ከጉዞ እንደደረሳችሁ ኮፈን ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲነፋበት አትፍቀዱ፤ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ።

ምን ምን ላዘጋጅ?

ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ (ዳዶ ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) 10፣ 12 እና 14፤ ማስረዘሚያ፤ ለኦክስጅን ሴንሰሩ 22 ቁልፍ፤ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፤ የሽቦ ብሩሽ፤ አዲስ ጓርኒሲዮኖችና አዲስ ዳዶዎች (ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዙት)። ቶርክ ሬንች (ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ) ያለው ጎረቤት ካላችሁ ተዋሱ። ባለ አስራ ሁለት ማዕዘን ቡሶላ ለዚህ ስራ አይሁንላችሁ፤ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይልጣል። ከስር የምትገቡ ከሆነ መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ መሬት ላይ በሚገባ ደግፉ። ግቢያችሁ አሸዋማ ከሆነ ክሪኩ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ወፍራም ጣውላ ከስሩ አድርጉ።

ዕቃ መግዛት ያለባችሁ ከስራው ቀን በፊት ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቅ ተዘግቶ ባለሱቁ ወደ ጥላው ሲገባ፣ ማኒፎልዱ የወለቀ መኪና ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ብሎኖቹ አልፈታ አሉኝ። ላስገድደው?

በፍጹም። የስራው ልብ እዚህ ነው። ከቴስታታው ላይ የሚወጡት ራስ የሌላቸው ብሎኖች ለዓመታት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ኖረዋል፤ ብረታቸው ደክሟል። አሉሚኒየም ውስጥ የተሰበረ ብሎን የአንድ ጠዋትን ስራ የሳምንት ያደርገዋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት፣ ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ የዳዶዎቹን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ስፕሬዩን እነፋለሁ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ እንደገና እነፋና ፈጢራና ሻሂ ልበላ እሄዳለሁ። ዘይት ጥርሱ ውስጥ ሰርጎ የሚገባው በጊዜ ነው፤ በጉልበት አይገባም። ስመለስ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቼ ስራ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ላሜራው ይወርዳል። ትንንሾቹ ብሎኖቹ ከሁሉ የዛጉ ናቸው፤ ረጋ በሉ። የኦክስጅን ሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ ፍቱት ወይም ከማኒፎልዱ ጋር አብሮ ይውጣ፤ በገመዱ ግን አይንጠልጠል። ከታች ያለውን ቱቦ ስትፈቱ በሽቦ አስሩት፤ ካልታሰረ ክብደቱ ሁሉንም ይጎትታል። ከዚያ ወደ ዋናዎቹ ዳዶዎች፣ ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሀል። ቡሶላውን ሙሉ በሙሉ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ዳዶው ሲላቀቅ "ጠቅ" የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ እሱ መልካም ነው። ድምፅ ሳይሰጥ እንደ ማስቲካ ለስለስ ብሎ ከዞረ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ብሎኑ እየተጠማዘዘ ነው። መልሳችሁ ትንሽ አጥብቁት፣ ስፕሬይ ጨምሩ፣ ሩብ ዙር ፍቱ፣ መልሳችሁ አጥብቁት። ሩብ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ። አንድ ዳዶ ግማሽ ሰዓት ቢወስድባችሁ ጊዜው አልባከነም። ብሎኑ ከነዳዶው አብሮ ከወጣም አትደንግጡ፤ ሙሉውን እስከወጣ ድረስ ሰላም ነው።

እሳት የሚጠቀሙ አሉ፤ ዳዶውን ማጋል በእርግጥ ይሰራል። ነገር ግን ስፕሬዩ ራሱ ተቀጣጣይ ነው፣ የቤንዚን መስመርም እዚያው አጠገብ ያልፋል። በቤት ውስጥ አልመክረውም።

ቢሰበርብኝስ?

ጫፉ ከቴስታታው ወጣ ብሎ ከቀረ ዕድል አላችሁ። ጥሩ በያጅ ጠርታችሁ ጫፉ ላይ አዲስ ዳዶ ያስበይድ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ስለሚሰብረው ብዙ ጊዜ ሲቀዘቅዝ በቁልፍ ይወጣል። ከብየዳ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይፈታ። ውስጥ ከተቆረጠ መሰርሰሪያ ይጠይቃል፤ ሰርሳሪው ከመሀል ትንሽ ካፈነገጠ የቴስታታው ጥርስ ይጠፋል። እዚህ ላይ እኔም እጄን አነሳለሁ። ድሬ ላይ የምድር ባቡር እጅ ያሳደጋቸው የቶርኖ ባለሙያዎች አሉ፤ ለእነሱ ስጡ።

ጓርኒሲዮኑን ብቻ ልቀይር ወይስ ማኒፎልዱንም?

ማኒፎልዱ ይንገራችሁ። ሁለት ነገር ፈትሹ፤ ስንጥቅና ቀጥ ማለት።

ለስንጥቅ አባቴ ያስተማረኝ ይኸውና። የጊዛውን ማኒፎልድ በገመድ አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ጊዛ እንደ ደወል ይጮሃል፣ ድምፁም ትንሽ ይቆያል። የተሰነጠቀው "ዶ" ብሎ ይሞታል። ጥርጣሬ ካለ በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና ላምባ ቀቡት፤ አስር ደቂቃ ይቆይ። በጨርቅ አድርቃችሁ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ፈጭታችሁ በስሱ ነስንሱበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ወደ ላይ እየወጣ ነጩ ጠመኔ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይስላል። በዓይን የማይታይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ በዚህ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቦታው ብዙ ጊዜ ክንዶቹ የሚገናኙበት ጉሮሮ ላይ ነው።

ቀጥ ማለቱን ለማየት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በገጹ ላይ በቁመቱ አጋድሙ፤ ካንዴላ የምናስተካክልበትን የክፍተት መለኪያ ቅጠል ከስሩ ለማስገባት ሞክሩ። የሚፈቀደው መጠን እንደ ሞተሩ ይለያያል፣ የመኪናችሁ መመሪያ ላይ አለ። በቴስታታው ፊት ግን ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች 0.10 ሚሊ ሜትር። ማኒፎልዱ ተጣሞ ስንጥቅ ከሌለበት ቶርኖ ቤት ያስተካክሉታል። ተጣሞ ሳለ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ ያስገባ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ያንኑ ስራ ይደግማል።

የተሰነጠቀውን ላስበይደው?

ጊዛ ከሆነ እንደ ላሜራ አይበየድም። ቀድሞ ሙሉ በሙሉ መሞቅ፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ መበየድ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደ ማኒፎልድ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። በላምባና በጠመኔ የፈተሻችሁት ጤነኛ ሰልባጅ በእኔ እምነት ከዚህ ይሻላል።

ለማጠናከር ሲሊኮን ልቀባበት?

አይሆንም። አንድ ጋራዥ ይህን የራሴ መኪና ላይ አድርጎት ስለነበር ውጤቱን አውቀዋለሁ። ቀይም ይሁን ሌላ፣ የሞተር ሲሊኮን አቅሙ ቢበዛ ከ350 እስከ 370 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማኒፎልዱ ላይ ያለው ሙቀት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ቦታውን ባዶ ያደርጋል፣ ጢሱ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩን ሊመርዝ ይችላል። ጓርኒሲዮኗ ደረቅ ትግባ። የምትገባበትም ገጽ ይጽዳ፦ የጭስ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ዝጉ፣ የድሮውን ቅሪት በስለት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ግፉት። በፍሌክስ መፍጫ አሉሚኒየም አትንኩ፤ በአንድ ሰከንድ ጎድጓዳ ያወጣል።

ያለ ቶርክ ሬንች ማጥበቅ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከ20 እስከ 35 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛው መመሪያው ላይ አለ። 25 ኒውተን ሜትር ማለት 20 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ ከ12 እስከ 13 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። አንድ እጅ ይበቃል፤ በሁለት እጅ መሳብ ከጀመራችሁ አልፋችኋል። ዳዶዎቹን ሁሉ በጣት እስኪቆሙ አዙሩ፣ ከዚያ ከመሀል ጀምራችሁ አንድ ወደ ግራ አንድ ወደ ቀኝ እያላችሁ ወደ ዳር ውጡ። መጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ በሁለተኛው ዙር በሙሉ። ከዳር ከጀመራችሁ መሀሉ ይነፋል።

ሐረር ያለችው የቤተሰባችን ፔጆ 404 ላይስ ይሰራል?

አሰራሩ አንድ ነው፤ ፔጆዋ እንዲያውም ለእጅ ሰፊ ቦታ ትሰጣለች። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በዚያ ዘመን የተሰሩ ጓርኒሲዮኖች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። የድሮውን ስታነሱ በውሃ አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ በኮምፕሬሰርም አትንፉት። ቅሪቱን በፌስታል ቋጥራችሁ ልጆች ከማያገኙት ቦታ ጣሉ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ብሎኖቹ ካልታገሉ ግማሽ ቀን። ከታገሉ ሁለት ቀን።

አስነስቼው ጭስ ወጣ። ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። የነፋችሁት ስፕሬይና የእጃችሁ ዘይት ነው የሚቃጠለው፤ ከአስር እስከ አስራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ሞተሩን ደጅ ላይ፣ ክፍት ቦታ አስነሱ እንጂ ጣሪያ ያለው ጋራዥ ውስጥ አይሁን። በዚህ ጊዜ "ፍስ" የሚል ድምፅ ካለ አጥፉት፣ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቀዝ፣ የዳዶዎቹን ጥብቀት ፈትሹ። የጓርኒሲዮኗ መመሪያ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ዳግም ማጥበቅ ይጠይቅ እንደሆነም ተመልከቱ፤ ሁሉም አይጠይቁም። ትክክለኛው ፈተና ግን በማግስቱ ማለዳ ነው፤ ቀዝቃዛውን ሞተር ስታስነሱ ጎማውን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ።

ላሜራውን መመለስ ግድ ነው? ሲንቀጠቀጥ ይጮሃል።

ግድ ነው። ላሜራው ሽፋን ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው የሚያልፉትን የኤሌክትሪክ ገመዶችና የጎማ ቱቦዎች ከግለቱ የሚከልለው እሱ ነው። የሚንቀጠቀጠው ቀዳዳው በዝገት ሰፍቶ ስለሆነ ሰፋ ያለ ሮንዴላ ከብሎኑ ስር አድርጉለት፤ ዝም ይላል።